የእምነትና ሳይንስ ትምህርት የሚበላሽባቸው ቦታዎች፦ ለጎልማሶች ክፍል አስተማሪዎች

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ በሉተራኗ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ማኅበረ ምእመናን ከእሑድ አምልኮ በኋላ የሚቀመጠው የጎልማሶች ክፍል «እምነትና ሳይንስ» ላይ ሲደርስ የሚፈርሰው ጥያቄው ስለከበደ አይደለም። አስተማሪው ገና ከመነሻው ሁለቱን ከሳሽና ተከሳሽ አድርጎ ያቆማል፣ ራሱም ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ተሰብሳቢው የሚጠብቀው ማን እንደረታ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያንገሸግሸው ጥቅስን እንደ ላብራቶሪ ውጤት ማንበብ ነው። ኢዮብ 26፥7 ይነበባል፤ ምድር በምንም ላይ ሳትቆም ተንጠልጥላለች ይላል። አስተማሪው «አያችሁ፣ ሳይንስ ዛሬ የደረሰበትን መጽሐፍ ቅዱስ አስቀድሞ ነግሮናል» ይላል፣ አሜን ይባላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ገጹን እስኪገልጥ ድረስ ነው እንጂ። በዚያው መጽሐፍ 9፥6 ላይ የምድር ምሰሶዎች ይንቀጠቀጣሉ፤ 38፥6 ላይ ደግሞ እግዚአብሔር ኢዮብን የማዕዘን ድንጋይዋን ማን አኖረ ብሎ ይጠይቀዋል። መንጠልጠሉን ፊዚክስ ያለ ሰው ምሰሶውንና ድንጋዩን ምን ሊያደርጋቸው ነው? እነርሱ ግጥም ከሆኑ ያኛውስ በምን ዕዳው ፊዚክስ ሆነ? የሚመቸውን መርጦ ማንሳት፣ የማይመቸውን ዘሎ ማለፍ መጽሐፉን ማክበር አይባልም። መዝሙር 104፥5 ምድር እንደማትናወጥ ይናገራል፤ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ያለውን ኮፐርኒከስን አትዞርም ብለው የተቃወሙ ሰዎች ከጠቀሷቸው ጥቅሶች አንዱ እርሱ ነው። እነርሱም በልባቸው ለቃሉ የቆሙ ነበሩ። ሳይንስ ደግሞ ራሱን እያረመ ነው የሚሄደው፤ ጥቅሱን ከዘንድሮ ግኝት ጋር ያሰረ ሰው ግኝቱ ሲታረም የሚገባበት ይጠፋዋል። መፍትሔው አድካሚ አይደለም። ከማብራሪያው በፊት ምዕራፉ ሙሉውን ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ የኢዮብ ምዕራፍ 38 ያሉት 41 ቁጥሮች 10 ደቂቃ አይፈጁም። ከዚያ ማን ለማን እየተናገረ ነው፣ መዝሙር ነው፣ ታሪክ ነው፣ ሕግ ነው ተብሎ ይጠየቅ።

«ቲዎሪ ብቻ እኮ ነው» ብሎ ማለፍም አለ። በመንገድ ቋንቋ ቲዎሪ ማለት ግምት ነው፤ በሳይንስ ግን ግምቱ መላምት ይባላል፣ ንድፈ ሐሳብ የሚባለው ብዙ ፈተና ያለፈው ማብራሪያ ነው። በሽታ ከተሐዋስያን ይመጣል የሚለውም ንድፈ ሐሳብ ነው፤ «ብቻ» ብሎ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ግን የለም።

በተለይ ኮምቦልቻ ላይ የድንቅነሽ ነገር ሳይነሳ አይቀርም። ባቲን አልፎ ወደ ሚሌ ለሚወርድ ሰው እርሷ የተገኘችበት ሐዳር ጎረቤት ነው። እዚህ ጋ አስተማሪው የሚሰናከለው «ዕድሜዋን የለኩት በካርቦን ነው፣ ካርቦን ደግሞ ይሳሳታል» ሲል ነው። በካርቦን አልተለካም፤ ሊለካም አይችልም። ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ከ50,000 ዓመት ገደማ በላይ ላለ ነገር የሚለካ አይተርፈውም። በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የተባለችው በስፍራው የደለል ንብርብር ውስጥ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ በአርጎን ተለክቶ ነው። ቁጥሩን መጠየቅ የማንም መብት ነው፤ ያልተደረገን ልኬት መንቀፍ ግን ክፍል ውስጥ የተቀመጠውን የላብራቶሪ ባለሙያ አንገት ያስደፋል፣ በሚቀጥለው እሑድም አይመጣም።

ግማሽ ዕድሜን፣ ማለትም እንደ ካርቦን 14 ያለው ነገር በግማሽ የሚቀንስበትን ጊዜ፣ በቃል ብቻ ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው። 64 የአንድ ብር ሳንቲም ጆግ ውስጥ ይጨመርና ተራግፎ ጠረጴዛ ላይ ይደፋ። አንበሳው ወደ ላይ የሆነው ሁሉ ተለቅሞ ይውጣ፣ የቀረው ተቆጥሮ እንደገና ይራገፍ። ወደ 32፣ ወደ 16፣ ወደ 8 እያለ ይወርዳል። 29 ወይም 35 ቢመጣ አስተማሪው መደንገጥ የለበትም፤ የትኛው ሳንቲም ቀጥሎ እንደሚወጣ ማንም አያውቅም፣ ስንት ያህል እንደሚቀር ግን ይገመታል። በገበያ ሲቆጥሩ የኖሩ እናቶች ዲግሪ ካለው ቀድመው ይገባቸዋል። (ሳንቲሙ ከመባ የተወሰደ ከሆነ ሲመለስ ይቆጠር።)

ምድር ትዞራለች በማለቱ የተፈረደበትን ጋሊሊዮን ብቻ መተረክ ሌላው ነው። የእ.ኤ.አ. 1633ቱ ፍርድ የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው፤ የሉተራን ክፍል የራሱ ቤት ታሪክ እያለው የሌላውን ጓዳ ምን አስቆፈረው? በ1539 የሉተር ከተማ የዊተንበርግ መምህር ሬቲከስ ኮፐርኒከስ ዘንድ ሄዶ ሐሳቡን በኅትመት አስተዋወቀለት። መጽሐፉ በ1543 ኑረምበርግ ሲታተም ደግሞ የሉተራን ሰባኪው ኦሲያንደር «ለስሌት የሚያገለግል መላምት ነው» የሚል መግቢያ ስሙን ሳይጽፍ ጨመረበት። የፕላኔቶችን ምሕዋር ሞላላነት ያገኘው ኬፕለር ሉተራን ነበር፤ ሊንዝ ከተማ ላይ ግን የራሱ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱስ ቁርባን ከለከለችው፣ ያውም በሥነ ፈለክ ሳይሆን የስምምነት ቀመር የተባለውን የእምነት ሰነድ ሙሉ በሙሉ አልፈርምም በማለቱ። የሚያኮራውም የሚያሳፍረውም አብሮ ይነገር።

ቁርባንን በኬሚስትሪ ለማስረዳት መሞከር አይገባም። የሉተራን ትምህርት ክርስቶስ በኅብስቱና በወይኑ ውስጥ፣ ከእነርሱ ጋር፣ በእነርሱም ሥር ይገኛል ይላል እንጂ ኅብስቱ ኅብስትነቱን ተወ አይልም፤ ላብራቶሪ የሚመረምረው ነገር የለም።

መድኃኒት ላይ ቀልድ የለም። በምስክርነት ሰዓት «ተጸለየልኝ፣ ኪኒኑን ጣልኩት» ሲባል ዝም ብሎ ማጨብጨብ ሰው ይገድላል። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው፤ 2 ወር በ4 ዓይነት፣ 4 ወር በ2 ዓይነት መድኃኒት። ሳሉ የሚቀንሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ በሽተኛው ዳንኩ ብሎ ያቆማል፤ የተረፈው ተሐዋሲ መድኃኒቱን ይላመዳል፣ ቤተሰቡንም ይይዛል። በእ.ኤ.አ. 1527 ወረርሽኝ ዊተንበርግ ሲገባ ሉተር በጻፈው ደብዳቤ ጸልዩ ብሎ አላበቃም፤ መድኃኒት ውሰዱ፣ ቤታችሁን እጠኑ፣ ካላስፈለጋችሁበት ስፍራ ራቁ አለ። ጠያቂ ሲመጣ ይህ ይነበብለት።

ሳይንስ የፈረንጅ ነው የሚል ተማሪ ካለ ሙግት አያስፈልገውም፤ ጠመኔ ይበቃዋል። ፋሲካን የምንውልበት ቀን ከኦርቶዶክስ ሊቃውንት በደረሰን የዘመን ስሌት፣ በባሕረ ሐሳብ፣ ይወጣል። ለምሳሌ የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት እና 2018 ሲደመር 7518፤ ለ19 ተካፍሎ 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 12፤ ይህ ወንበር ይባላል። 12 በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 በ30 ሲገደፍ 12፤ ይህ አበቅቴ ይባላል። 12 በ19 ተባዝቶ 228፣ ሲገደፍ 18፤ ይህ መጥቅዕ ይባላል። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልመጡ የሆነ ቦታ ተሳስቷል። መጥቅዑ 18 ስለሆነ መስከረም 18 ይታያል፤ እሑድ ዋለ፣ የእሑድ ተውሳክ (በዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 7 ነው፣ 18 እና 7 ተደምሮ የነነዌ ጾም የሚገባው ጥር 25፤ ከዚያ 69 ቀን ተቆጥሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4። በ19 የሚካፈለውም 19 ዓመት 235 የጨረቃ ወራት ስለሚያህል ነው፣ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ከዲያቆንነት የመጣ ምእመን ካለ ስሌቱን እርሱ ይምራ እንጂ አስተማሪው አይሻማው።

ፕሮጀክተር ይዞ ያለ ሰሌዳ መምጣት፦ መብራት ይጠፋል። ከዩኒቨርሲቲ እንግዳ ሲጋበዝ ከአንድ ሳምንት በፊት 3 ጥያቄ በጽሑፍ ካልተሰጠው የመመረቂያ ጽሑፉን አቅርቦ ይሄዳል።

የመጨረሻው ክፍሉን ከአምልኮው መቁረጥ ነው። የወሎ ገበሬ በልግ ሲዘገይ የሚትዮሮሎጂ ትንበያውንም ይሰማል፣ ጸሎትም ያደርጋል፤ አንዱን ምረጥ የሚለው ከተሜው ነው። ሉተር በትንሹ ካቴኪዝም የመጀመሪያውን አንቀጽ ሲያብራራ እግዚአብሔር ዓይንንና ጆሮን ብቻ ሳይሆን አእምሮንም ሰጠኝ ይላል፤ ስለዚህ ትንበያ ሠሪዋም ነርሱም በምልጃው ይጠሩ። ክፍሉ በየሳምንቱ ከተማረው ሁለት መስመር ጸሎት ጽፎ ያዋጣ። ወረቀቱ ለሚጸልየው ሰው ቅዳሜ ይድረሰው፤ እሑድ ጧት በር ላይ የተሰጠ ወረቀት ኪስ ውስጥ ይቀራል።