ጎርፍ የሚጠጣ የአበባ መደብ ለኮንዶሚኒየም ግቢ

ነሐሴ ላይ ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ ኮብልስቶኑን አጥቦ ታች ጎረቤት በር የሚደርስ ከሆነ፣ መፍትሔው የግድ ሌላ ቱቦ አይደለም። እኛ ቦሌ በኩል፣ ጥቁር አፈር ላይ፣ ዝቅ ያለ የአበባ መደብ ሠራን። ውሃው እዚያ ይጠራቀምና ቀስ እያለ ይሰርጋል።

ደቦ ከመጥራታችሁ በፊት አፈሩን ፈትኑ። 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውሃ ሙሉበት፣ ሲሰርግ እንደገና ሙሉት። የሚቆጠረው ሁለተኛው ነው። በበጋ የተሰነጠቀ ጥቁር አፈር የመጀመሪያውን ውሃ በአንዴ ይጠጣል። ሲርስ ግን ያብጥና ስንጥቁ ይገጥማል። ሁለተኛው ውሃ በማግስቱም እዚያው ካለ ቦታ ቀይሩ፣ ካልሆነም መደቡን ጥልቀቱን ቀንሳችሁ ሰፋ አድርጉት። ቀይ አፈር ላይ ያላችሁ ብዙ አትቸገሩም።

ከሕንፃው ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ። ከሴፕቲክ ታንክም ራቁ። የውሃና የመብራት መስመሩን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ዶማ አታንሱ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለ 2,000 ሊትር ነው። 10 ካሬ መደብ አፈሩ ከገባ በኋላ 20 ሳንቲ ሜትር ባዶ ከቀረው ያንኑ ይይዛል። ለሚተርፈው በታችኛው ጠርዝ ድንጋይ የተነጠፈበት መውጫ ወደ መንገዱ ቦይ አብጁለት። ይሄን የዘለለ ሰው ጎርፉን ቦታ ቀየረለት እንጂ አላቆመውም።

ደቦው ግንቦት ላይ ይሁን። ሐምሌ ከገባ ጭቃው አካፋ ላይ ተለጥፎ አይወርድም፣ ጫማም ይዞ ይቀራል። ዶማና አካፋ ከእድር፣ ባሬላ ከግንበኞች ተዋሱ። የመጣው ሁሉ ዶማ ይሻማል፤ አንድ ሰው ግን ከውሃ ልክ አይራቅ። ወለሉ ካዘነበለ ውሃው አንድ ጥግ ላይ ይተኛል። ወለሉን ማንም እንዳይረግጥ ጣውላ አጋድሙ፤ የተጠቀጠቀ አፈር ውሃ አያስገባም። የወጣውን ጥቁር አፈር በታችኛው ጠርዝ ክትር አድርጉትና ልጆቹ እሱን እንደፈለጉ ይርገጡ። መደቡ ውስጥ አሸዋ፣ ኮምፖስትና ቀለል ያለ አፈር ቀላቅላችሁ ጨምሩ። ከአሸንዳው ሥር ድንጋይ ደርድሩ፣ አለዚያ ውሃው ይቦረቡረዋል።

መሃል ቄጠማ፣ ዳር ዳሩን ቬቲቨር የሚባለውን ሣር ትከሉ። ጽጌረዳ ይዘው የሚመጡ እናቶች አይጠፉም፤ ክትሩ ላይ ቦታ ስጧቸው።

ስብሰባ ላይ «ትንኝ ያፈላል» የሚልም አይጠፋም። በ48 ሰዓት የሚሰርግ ውሃ ትንኝ አያፈላም። ከእንቁላል ተነስቶ ክንፍ እስኪያወጣ ሳምንት ገደማ ይፈልጋል።

ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር መግቢያው በፌስታልና በሃይላንድ ይደፈናል። የሚያጸዳውን ሰው ተራ በዚያው በደቦው ቀን፣ ሰው ሳይበተን ጻፉ። በመጀመሪያው በጋ ውሃ የሚያጠጡትንም እዚያው ላይ ጨምሩ።