የትዳር ስፖንሰርሺፕ ሳያልቅ ካናዳ ሄዶ አብሮ መጠበቅ እንዴት ይቻላል?

ተጋብታችኋል። አንዳችሁ ቶሮንቶ ወይም ካልጋሪ፣ አንዳችሁ አዲስ አበባ ናችሁ። የስፖንሰርሺፑን ፋይል፣ ማለትም ካናዳ ያለው የትዳር ጓደኛውን በቋሚነት ለማምጣት የሚያስገባውን ማመልከቻ፣ ልታስገቡ ነው፣ ወይም አስገብታችሁ መልስ እየጠበቃችሁ ነው። ትዳርን በስልክ መኖር ልብ ያደክማል። ብዙ ሰው "ፒአሩ (የቋሚ ነዋሪነት ፈቃዱ) ሳይወጣ መሄድ አይቻልም" ሲባል ሰምቶ ቁጭ ይላል። ይቻላል። በጎብኚ ቪዛ ገብቶ ውጤቱን እዚያው መጠበቅን የካናዳ ሕግ አይከለክልም። ቪዛው ይሰጣችኋል የሚል ዋስትና የለም፤ አካሄዱን ያወቀ ግን ይሻለዋል።

1. ፋይሉ በየትኛው በኩል እንደሚገባ ወስኑ

ሁለት መንገድ አለ፦ ካናዳ ውስጥ ላለ የትዳር ጓደኛ የሚገባውና ከውጭ የሚገባው። ምክሬ፣ ሄዳችሁ ለመጠበቅ ብታስቡም ከውጭ የሚገባውን ምረጡ። ውድቅ ቢደረግ ስፖንሰሩ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ በሌላኛው ያ መብት የለም። ደግሞም በመሃል እናት ብትታመም ወይም ለቅሶ ቢመጣ ወጥቶ መመለስ ፋይሉን አያበላሽም። የአገር ውስጡን ያስገባ ሰው ግን ወጥቶ መግባት ቢከለከል ፋይሉ አደጋ ላይ ይወድቃል።

2. ወረቀቶቻችሁ ሁሉ አንድ ነገር ይናገሩ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አንድ ማታ ፓስፖርቱን፣ የልደት ሰርተፍኬቱንና የጋብቻ ሰርተፍኬቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርጉ። ስሙን ፊደል በፊደል አስተያዩ። "ወልደማርያም" በአንዱ አንድ ቃል፣ በሌላው ሁለት ቃል ሆኖ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አያት የሚለው ቦታ ላይ አንዱ ወረቀት ባዶ ሊሆን ይችላል። ሚስት የባሏን ስም አለመውሰዷም ለፈረንጅ መኮንን ግልጽ አይደለም። እነዚህን በአንድ ገጽ ማብራሪያ ጻፉላቸው።

ቀኑ ደግሞ የባሰ ነው። ጥር 7 ቀን 1987 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ጃንዋሪ 15 ቀን 1995 ነው። አስተርጓሚው ዓመቱን ብቻ ለውጦ ቀኑን እንዳለ ቢተወው አንድ ሰው ሁለት የልደት ቀን ይኖረዋል። ራሳችሁ ቆጥራችሁ አረጋግጡ።

ጋብቻው ሲፈጸም ሁለታችሁም በአካል መገኘት ነበረባችሁ። ካናዳ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በስልክ፣ በኢንተርኔት ወይም በውክልና የተፈጸመ ጋብቻን ለስፖንሰርሺፕ አትቀበልም።

ልጅ ካላችሁ፣ አብሮ ባይሄድም ጻፉት። ከትዳሩ በፊት የተወለደ፣ አያቱ ጋ የሚያድግ ልጅ ቢሆንም ጻፉት። ባለቤቴ ቅር ይለው ይሆናል፣ ወይም ፋይሉን ያከብደዋል ብሎ የተተወ ልጅን በኋላ ስፖንሰር ማድረግ ሊከለከል ይችላል። ይህን ስጽፍ ልቤ ይከብደኛል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ልጁ ነውና።

ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ በተከታታይ 6 ወርና ከዚያ በላይ የኖራችሁበት አገር የፖሊስ ማስረጃ ይፈለጋል። ቤይሩት፣ ዱባይ ወይም ጅዳ ሠርታችሁ ከነበረ ዛሬውኑ ጀምሩት።

ለትዳሩ ማስረጃ የሰርግ ፎቶ ብቻ አይበቃም። ሽማግሌ የተላከበት ዕለት ፎቶ፣ የገንዘብ መላኪያ ደረሰኝ፣ የጉዞ ቲኬት፣ የቴሌግራም ወሬ ስክሪንሾት በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይጨመር። አማርኛው ይተርጎም።

3. የጎብኚ ቪዛ ጠይቁ

ስፖንሰርሺፑን ማስገባታችሁን የሚያረጋግጥ ደብዳቤና የፋይል ቁጥር ሲደርሳችሁ በኢንተርኔት አመልክቱ። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዲህ ያለው የባለትዳር ጥያቄ ቶሎ እንዲታይ መመሪያ ወጥቷል። የስፖንሰሩን የሥራ ደብዳቤ፣ የባንክ ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውልና የጥሪ ደብዳቤ አያይዙ።

ስፖንሰርሺፑን አትደብቁ። "አክስቴን ልጠይቅ ነው" ብሎ መጻፍ የውሸት መረጃ ነው፤ ለ5 ዓመት ሊያሳግድ ይችላል። ደብዳቤው አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፦ "የባለቤቴ ስፖንሰርሺፕ በሂደት ላይ ነው። የፋይል ቁጥሩ ይኸው። አብሬው መጠበቅ እፈልጋለሁ። የተሰጠኝ ጊዜ አልቆ ካልተራዘመልኝ እመለሳለሁ።" ሕጋቸው በቋሚነት ለመኖር መፈለግንና ለጊዜው መግባትን አብረው የሚሄዱ አድርጎ ያያል። ለመመለሳችሁም ቤት፣ ሥራ፣ ወላጅ ካለ አሳዩ።

4. ከመሄድ በፊት

ቪዛው ፓስፖርት ላይ ሳይመታ ሥራ አትልቀቁ፣ ዕቃም አትሽጡ። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ለምታምኑት ሰው ውክልና ስጡ፤ ከሩቅ ሆኖ ማዘጋጀት አድካሚ ነው። የጤና ኢንሹራንስም ግዙ። ጎብኚ በክፍለ ግዛቱ የጤና ሽፋን ውስጥ አይገባም፤ አንድ የሆስፒታል ሌሊት የቁጠባችሁን ብዙ ሊወስድ ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ይህን ሳትጨርሱ አትሳፈሩ።

5. ኤርፖርት ላይ

ሰነዶቹን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ያዙ። መኮንኑ ለምን እንደመጣችሁ ይጠይቃል። "ባለቤቴ ጋ፣ ስፖንሰርሺፑ በሂደት ላይ ነው" በሉ። የደብዳቤውና የአፋችሁ ቃል አንድ ይሁን። አንዲት የማውቃት ልጅ ደንግጣ "ለጉብኝት" ብቻ ብላ ለሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጣ ተጠይቃለች። ፋይሏን ስታሳይ ነው የለቀቋት።

6. ከገቡ በኋላ

መኮንኑ ሌላ ቀን ካልጻፈላችሁ የመቆያው ጊዜ ከገባችሁበት ቀን 6 ወር ነው። ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ሳያልቅ ማራዘሚያ ካስገባችሁ መልስ እስኪመጣ ሕጋዊ ሆናችሁ ትቆያላችሁ። ካለፈ በኋላ ማስተካከል ጭንቅ ነው።

እዚያ ከሆናችሁና የጎብኚ ጊዜያችሁ ካላለፈ ወርክ ፐርሚት (የሥራ ፈቃድ) ጠይቁ፤ የማስገቢያ ደብዳቤውን አያይዙ። እስኪወጣ በካሽም ቢሆን አትሥሩ። ሰው "ማንም አያይም" ይላችኋል። የሚታገደው ግን የእናንተ ፋይል ነው።

ፓስፖርታችሁንና የኢሜይል ፓስዎርዳችሁን ራሳችሁ ያዙ፤ ስፖንሰሩ የቱንም ያህል ደግ ቢሆን። ባልና ሚስት ፒአር ካገኙ በኋላ 2 ዓመት አብረው መኖር አለባቸው የሚለው ግዴታ በ2017 እ.ኤ.አ. ተነስቷል። ቤት ውስጥ ዱላ ካለ "ወረቀትሽን አስነጥቅሻለሁ" በሚል ዛቻ ተገደው የሚቀመጡበት ምክንያት የለም፤ የሕግ ምክር ጠይቁ።

ቤት በቀየራችሁ ቀን አድራሻችሁን ፋይሉ ላይ ቀይሩ። ኢሜይሉንም በየጠዋቱ፣ የማይፈለጉ መልዕክቶች የሚገቡበትን ሳጥን ጨምሮ እዩት።