የቆሻሻ መኪና በማይደርስበት የነባር ህዝቦች መንደር ፕላስቲክ ጠርሙስን ምን እናድርገው?

ጫካ ውስጥም ይሁን በረሃ ወይ ደሴት ላይ፣ ነባር ህዝቦች የሚኖሩበት ቦታ ላይ ትልቁ ችግር ሰው ቆሻሻ መጣሉ አይደለም፣ ጠርሙሱን ጭኖ የሚመጣ መኪና ወይ ጀልባ አለ፣ ይዞት የሚመለስ ግን የለም። ስለዚህ ዋናው ስራ ጠርሙሱን በመጣበት መንገድ መመለስ ነው።

መጀመሪያ ማቃጠል ይቁም! ጭሱ መርዝ ነው፣ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ህጻናትን ነው። መቅበርም አያዋጣም፣ አይበሰብስማ፣ እየደቀቀ አፈርና ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ጎርፍ ሲመጣም ይወጣል።

ማጠራቀሚያ ቦታ ስትመርጡ ሽማግሌዎቹን ሳትጠይቁ እንዳትጀምሩ፣ ውሃው እስከየት እንደሚሞላ፣ የትኛው ቦታ የተከበረ እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ እነሱ ያልተስማሙበት በርሜል ደግሞ ባዶውን ነው የሚቀረው።

ከዛ ጠርሙሱን አለቅልቁትና ስሩን ገልብጣችሁ እዩ፣ ሶስት ማዕዘን ውስጥ 1 ቁጥር ካለ ፔት (PET) የሚባለው የፕላስቲክ አይነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ገዢ የሚፈልገው እሱን ነው፣ ቀለም የሌለውን ከባለቀለሙ ለዩት። ቀጥሎ ክዳኑን ክፈቱ፣ በእግር ረግጣችሁ ጠፍጣፋ እስኪሆን ጨፍልቁት፣ እግራችሁን ሳታነሱ ክዳኑን መልሳችሁ ግጠሙት፣ ካለበለዚያ አየር ይገባና መልሶ ይነፋል። ይሄን አትናቁት፣ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከ10 እስከ 20 ግራም ስለሆነ አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ50 እስከ 100 ጠርሙስ ያስፈልጋል፣ ሳትጨፈልቁ ከጫናችሁ አየር ነው የምታጓጉዙት። ጆንያ ውስጥ ከታችሁ ጥላ ስር አስቀምጡ።

ሸቀጥ አራግፎ ባዶውን የሚመለሰውን ሹፌር ወይ ባለጀልባ አናግሩት፣ ባለሱቁም በየጠርሙሱ ትንሽ የመያዣ ገንዘብ ተቀብሎ ባዶው ጠርሙስ ሲመለስለት ገንዘቡን ቢመልስ ልጆቹ ራሳቸው ለቅመው ያመጡታል፣ እኔ ከስብሰባና ከፖስተር ይልቅ በዚህ ነው የማምነው።

የተባይ ማጥፊያ ኮንቴይነር ግን ከዚህ ጋር በጭራሽ አይቀላቀል፣ ውሃም ዘይትም አይያዝበት፣ 3 ጊዜ አለቅልቃችሁ ብሱት፣ እጣቢውን ወንዝ ውስጥ እንዳትደፉት።

ምንም መጓጓዣ ከሌለ ደግሞ ንጹህና ደረቅ ፌስታል ጠርሙሱ ውስጥ በእንጨት እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት፣ የ1.5 ሊትሩ ግማሽ ኪሎ ገደማ ሲመዝን ጠንክሯል ማለት ነው፣ ለመቀመጫ ይሆናል፣ ግን ከእሳት አርቁት፣ ፀሐይ እንዳያደቀውም በጭቃ ለስኑት።