ዘይቱ ተረጨ፣ ክሽክሹ ግን አልሞተም

ጎመናቸው ላይ የሰፈረውን ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) በባህር ዛፍ፣ በጦስኝ ወይም በቅርንፉድ ዘይት ለማጥፋት ሞክረው ተስፋ የቆረጡ አትክልተኞች ብዙ ናቸው። «ወሬ ብቻ ነው» ብለው ወደ ኬሚካሉ ይመለሳሉ። ይህ ያሳዝነኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዘይቱ ሳይሆን የአደባለቁና የአረጫጨቱ ነውና። መዓዛማ ዘይት ነፍሳትን የሚጎዳው ሰውነታቸውን ሲነካ ወይም ትነቱ ሲያፍናቸው ነው። ቶሎ ይተናል፤ ቅጠል ላይ ለሳምንታት አይቆይም።

ዘይቱ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል

ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። መርጫው ፈሳሹን የሚስበው ከታች ስለሆነ መጀመሪያ የሚወጣው ባዶ ውኃ ነው፤ ዘይቱ የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። የቅርንፉድ ዘይት ግን ከውኃ ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ እሱ መጀመሪያ ይወጣል። እኔም በጓሮዬ ይህንኑ አይቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ አራት መደቦች ላይ ክሽክሹ ምንም ሳይሆን ቀረ፤ የአምስተኛው መደብ ጎመን ግን በማግስቱ የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ፣ እሳት እንደነካው ተኮማትሮ አገኘሁት።

መፍትሄው ሳሙና ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። ዘይቱንና ፈሳሽ ሳሙናውን ውኃ ሳይገባበት በትንሽ ጠርሙስ እኩል ለእኩል ደባልቀው በደንብ ይምቱ። ከዚያ ውኃውን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ይበጥብጡ። ወተት መስሎ ሲነጣ ተዋህዷል ማለት ነው። ለአንድ ሊትር ውኃ 3 ሚሊ ሊትር የባህር ዛፍ ዘይት ለመነሻ ይበቃል፤ ለ16 ሊትር የጀርባ መርጫ 48 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በዓይን ግምት አይሁን፤ መርፌው የወጣለት ስሪንጅ በትክክል ይለካል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ራሱ ቅጠል ስለሚያቃጥል አይጠቀሙበት። እየረጩም መርጫውን ደጋግመው ይነቅንቁ።

በደንብ ተዋህዶም ቅጠሉ ተለበለበ

ወይ መጠኑ በዝቷል፣ ወይ የተረጨው በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ወይም ተክሉ ውኃ ጠምቶት ነበር። የጦስኝና የቅርንፉድ ዘይት ከባህር ዛፉ ይበልጥ ያቃጥላል፤ በሊትር ከ2 ሚሊ ሊትር በታች ይጀምሩ። ተክሉን ዋዜማውን ያጠጡ። ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ብቻ ረጭተው ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ ምንም ካልሆነ ወደ ማሳው ይሂዱ። የመርጫ ሰዓቱ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ፀሐዩ ይበርዳል፣ ንቦችም ወደ ቀፏቸው ይገባሉ። ያበበ ተክል ላይ በቀን መርጨት ንብን መጉዳት ነውና ይህን አደራ እላለሁ።

በሳምንቱ ተመልሶ ሞላ

ቅጠሉን ገልብጠው ይዩት። ክሽክሽ የሚያርፈው ከቅጠሉ ሥርና ለጋው እምቡጥ ላይ ነው፤ ከላይ ብቻ የረጨ ሰው አልነካውም። እናቲቱ ያለ ወንድ፣ እንቁላልም ሳትጥል በሕይወት ያለ ልጅ ትወልዳለች፤ በሞቃት አየር ልጇም በሳምንት ገደማ ለመውለድ ትደርሳለች። ስለዚህ ጥቂት ከተረፉ ማሳው እንደገና ይሞላል። የመርጫውን አፍ ወደ ላይ አዙረው ከሥር ይርጩ፤ በየ5 ወይም በየ7 ቀኑ ሦስት ጊዜ ይድገሙት።

ግንዱ ላይ ጉንዳን ሲወጣና ሲወርድ ካዩ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ጉንዳን ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚፈልግ ከጠላቶቹ ይጠብቀዋል። የጉንዳኑ መንገድ ካልተቋረጠ ልፋቱ አያልቅም።

ከክሽክሾቹ መሐል ያበጡ፣ የማይንቀሳቀሱ፣ ወርቃማ ቡናማ የሆኑ ካገኙ ትንሽ ተርብ እንቁላሏን ጥላባቸዋለች ማለት ነው። እንደነዚህ ያሉት ከበዙ እጅዎን ይሰብስቡ፤ ተርቧ ሥራዎን እየሠራችልዎት ነው።

ቲማቲሙ ላይ ምንም አላለም

ቅጠሉ ውስጥ ነጣ ያለ መንገድ ሠርቶ የሚኖረው የቱታ አብሶሉታ ትል ከሆነ፣ ዘይቱ የቅጠሉን ቆዳ አልፎ በበቂ አይደርስበትም። የተጠቁትን ቅጠሎች ለቅመው ከማሳው ያርቁ፤ በዘይት ላይ ገንዘብ አያባክኑ።

የባህር ዛፍ ቅጠል ቀቅዬ ብረጨውም አልሠራም

ድስቱ ክፍት ከነበረ ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር ሄዷል። ቤቱን ያወደው መዓዛ ማሳው ላይ ሊደርስ የሚገባው ነበር። ዘይት የሚገኘው እንፋሎቱ ተይዞ ሲቀዘቅዝ ነው። የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማ ዕፅዋት ላይ ስለሚሠራ በአካባቢው ያላችሁ ጠይቁ።

የተገዛው ዘይት ራሱ ያጠራጥራል

አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ያንጠባጥቡና እስከ ማግስቱ ይተዉት። ንጹሕ የባህር ዛፍ ዘይት ተኖ ይጠፋል። የቅባት ክብ ከቀረ የምግብ ዘይት ወይም ሌላ የማይተን ዘይት ተቀላቅሎበት ይሆናል። ንጹሑንም ቢሆን በጥቁር ጠርሙስ፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት፤ ሲቀዱትም ጓንት ያድርጉ፣ ዓይንዎንም ይጠብቁ።