ለ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በጣና ዳር መለማመድ

ባሕር ዳር ሆናችሁ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምትዘጋጁ ተማሪዎች፣ ለሰዋስው ከመደባችሁት ጊዜ አብዛኛውን አማርኛና እንግሊዝኛ ለሚለያዩባቸው ቦታዎች ስጡ። በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ብንል ስሕተት የለውም፤ በእንግሊዝኛ ግን «የስተርደይ» የሚለው ቃል ካለ «አይ ሶው ሂም» እንጂ «አይ ሃቭ ሲን ሂም» አይባልም። እንዲሁም እኛ «እመጣለሁ አለ» ብለን የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ስንጠቅስ፣ እንግሊዝኛ በተዘዋዋሪ ንግግር «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ካም» ብሎ ተውላጠ ስሙንም ጊዜውንም ይለውጣል። በምርጫ ጥያቄ ላይ የተሳሳተውም መልስ ለጆሯችን ትክክል ስለሚመስል፣ በየቀኑ አምስት የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮችን እየጻፉ መተርጎምና ስሕተትን በተለየ ደብተር መመዝገብ፣ በእኔ እምነት፣ መቶ ጥያቄ በሩጫ ከመሥራት ይበልጣል።

ቃላትን በቤተሰብ ያዙ፤ «ፕሮዲዩስ»ን ስታጠኑ «ፕሮዳክሽን»ንና «ፕሮዳክቲቭ»ን አብራችሁ ጻፉ።

ለአነባበብ ደግሞ ማለዳ ጣና ዳር ሰው ሳይበዛ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይጠቅማል። «ስኩል» ስትሉ ከፊቱ «እ» እንዳትጨምሩ ተጠንቀቁ፤ «ሪከርድ» የሚለውንም፣ ስም ሲሆን አጽንዖቱ በመጀመሪያው፣ ግስ ሲሆን በሁለተኛው ክፍለ ቃል ላይ ስለሚያርፍ፣ እያፈራረቃችሁ ደጋግሙት።