የሴቶች ዓለም ዋንጫ ማጣሪያን ሲከታተሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የ2023ቱ የሴቶች ዓለም ዋንጫ ሊጀመር አምስት ወር ሲቀረው ሦስት ቦታዎች ገና ባለቤት አልነበራቸውም። አሥር ቡድኖች ኒውዚላንድ ላይ ተሰባስበው ተፋለሙና ፖርቱጋል፣ ሄይቲና ፓናማ አለፉ። ለሦስቱም የመጀመሪያቸው የዓለም ዋንጫ ነበር። ውድድሩን በጉጉት ስከታተል ግን ስለ ማጣሪያው የሚነገረውና የሚጻፈው ስህተት መብዛቱ አሳዘነኝ። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ደንቡን ሳያነቡ ውጤቱን ብቻ ከማየት ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ደጋግሜ የማያቸውን ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በወንዶቹ ማጣሪያ መለካት

በወንዶች እግር ኳስ የአፍሪካ ዋንጫ ሌላ፣ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሌላ ነው። በሴቶቹ ዘንድ ግን አህጉራዊው ዋንጫ ራሱ ማጣሪያ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። በ2022 ሞሮኮ ላይ የተካሄደው የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሱትን አራቱንም፣ ማለትም ሞሮኮን፣ ደቡብ አፍሪካን፣ ናይጄሪያንና ዛምቢያን፣ በቀጥታ ለዓለም ዋንጫ አሳልፏል። ዋንጫውን ደቡብ አፍሪካ ሞሮኮን 2 ለ 1 አሸንፋ ወሰደች፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰውም ያንን የፍጻሜ ጨዋታ ነው። በእኔ እምነት የዚያ ውድድር ከባዱ ምዕራፍ ሩብ ፍጻሜው ነበር። ዛምቢያና ሴኔጋል 1 ለ 1 ተለያይተው ወደ መለያ ምት ሲያመሩ ለመምታት የተሰለፉት ተጫዋቾች የሚያዩት ግማሽ ፍጻሜውን ብቻ አልነበረም፤ የዓለም ዋንጫው በር እዚያው ቆሞ ነበር። ዛምቢያ አለፈች። ሴኔጋል ደግሞ በሩብ ፍጻሜ የወደቁት በተገናኙበት ተጨማሪ ጨዋታ ቱኒዚያን አሸንፋ፣ ኒውዚላንድ ድረስ ተጉዛ፣ እዚያ በሄይቲ 4 ለ 0 ተሸንፋ ተመለሰች።

በዚያው ዓመት ሕንድ ላይ የተካሄደው የእስያ ሴቶች ዋንጫም እንዲሁ ነበር። ፊሊፒንስ ቻይኒዝ ታይፔይን (ታይዋን በውድድር የምትጠራበት ስም ነው) በመለያ ምት አሸንፋ ግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ተሳታፊነቷን አረጋገጠች። ቬትናም በሩብ ፍጻሜው ተሸነፈች፤ ሆኖም የተሸነፉት እርስ በርስ ባደረጉት ውድድር ታይላንድንና ቻይኒዝ ታይፔይን ረትታ እርሷም ለመጀመሪያ ጊዜ አለፈች።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። ወደ አህጉሩ ዋንጫ ለመግባት በሚደረገው የደርሶ መልስ ማጣሪያ የወደቀ ቡድን፣ የዓለም ዋንጫ ተስፋውም በዚያው ቀን ይዘጋል። ጋዜጣው «ከአፍሪካ ዋንጫ ቀረ» ብሎ ሲጽፍ የዜናውን ግማሽ ብቻ ጽፏል ማለት ነው።

የቦታዎቹን ስሌት መሳት

ለ2023 እስያ 6፣ አፍሪካ 4፣ ሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ ከካሪቢያን ጋር 4፣ ደቡብ አሜሪካ 3፣ ኦሺኒያ 1፣ አውሮፓ 11 ቀጥተኛ ቦታ ነበራቸው። ድምሩ 29 ነው፤ ቀሪዎቹ ሦስቱ በኒውዚላንዱ ውድድር ተሞልተው 32 ሆነ። እዚህ ላይ የሚሳተው የአዘጋጆቹ ጉዳይ ነው። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ያለ ማጣሪያ ቢገቡም የያዙት ቦታ ከየኮንፌዴሬሽናቸው (ከየአህጉራቸው የእግር ኳስ ማኅበር) ድርሻ የተቀነሰ ነበር። አውስትራሊያ በእስያ ኮንፌዴሬሽን ውስጥ ስለሆነች ከስድስቱ አንዱን ወሰደች። ኒውዚላንድ የኦሺኒያን ብቸኛ ቦታ ወሰደች።

በዚህ ምክንያት በ2022 የኦሺኒያን ዋንጫ ያነሳችው ፓፑዋ ኒው ጊኒ የክልሏ ሻምፒዮን ሆና ሳለ ቀጥተኛ ቦታ አላገኘችም። ወደ አህጉራት አቋራጭ ጥሎ ማለፍ፣ ማለትም ወደ ኒውዚላንዱ ውድድር፣ ሄዳ በፓናማ ተሸነፈች። «ሻምፒዮን ስለሆነች አለፈች» ብሎ የጻፈ ሰው ዋንጫውን አይቶ ደንቡን አላየም።

አንድ ጨዋታ የተሸነፈን ቡድን ቀብሮ መሄድ

አሜሪካ በኖቬምበር 2010 ካንኩን ላይ በሜክሲኮ 2 ለ 1 ስትሸነፍ ጉዳዩ ያበቃለት መስሎ ነበር። ቀጥተኛውን መንገድ አጣች፤ ከጣሊያን ጋር የደርሶ መልስ ጨዋታ አድርጋ በሁለቱም 1 ለ 0 በማሸነፍ አለፈች። በ2011 ጀርመን ላይ ለፍጻሜ ደርሳ ዋንጫውን ያጣችው በጃፓን በመለያ ምት ነው። ኔዘርላንድስም በ2017 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆና ሳለ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከምድቧ በኖርዌይ ተቀድማ ሁለተኛ ሆነች፤ በጥሎ ማለፉ ዴንማርክንና ስዊዘርላንድን አሸንፋ በመጨረሻዋ ሰዓት ገባች። በ2019 ፈረንሳይ ላይ የፍጻሜ ተፋላሚ ነበረች።

የዚህ ስህተት ግልባጭም አለ፤ አሸናፊን ቸኩሎ «አለፈ» ማለት። ፖርቱጋል በ2022 በአውሮፓ ጥሎ ማለፍ ቤልጂየምንም አይስላንድንም አሸነፈች። ቢሆንም ከሦስቱ አሸናፊዎች በቀጥታ የሚያልፉት የተሻለ ውጤት ያላቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ስዊዘርላንድና አየርላንድ አለፉ። ፖርቱጋል ሁለት ጨዋታ አሸንፋ ሻንጣዋን ወደ ኒውዚላንድ አዘጋጀች፤ እዚያም ካሜሩንን 2 ለ 1 ረታች።

የጎል ብዛት ሁልጊዜ ይጠቅማል ብሎ ማሰብ

በኖቬምበር 2021 ቤልጂየም አርመንን 19 ለ 0፣ እንግሊዝ ላትቪያን 20 ለ 0 አሸነፉ። ያኔ ብዙ ተጻፈ። የቤልጂየም ነገር ግን ትምህርት አለው። ከዘጠኙ የአውሮፓ ምድቦች ስድስቱ ስድስት ቡድን፣ ሦስቱ አምስት ቡድን ነበራቸው። ሁለተኛ የወጡትን ቡድኖች በእኩል ለማወዳደር ከስድስተኛው ቡድን ጋር የተደረጉት ጨዋታዎች ከስሌቱ ይወጡ ነበር። ቤልጂየም ከኖርዌይ ቀጥላ ሁለተኛ፣ አርመን ደግሞ መጨረሻ ወጣች። ስለዚህ 19ኙ ጎሎች ለዚያ ማወዳደሪያ አንድም አልተቆጠሩም። ሦስቱ ምርጥ ሁለተኞች የመጀመሪያውን ዙር ጥሎ ማለፍ ይዘሉ ነበር፤ ቤልጂየም ከእነርሱ ውጪ ሆና ከመጀመሪያው ዙር ጀመረች፤ በዚያው ዙር በፖርቱጋል ተሸንፋ ቀረች።

በነጥብ እኩል የሆኑ ቡድኖች የሚለዩበትም መንገድ ከውድድር ውድድር ይለያያል። በአውሮፓ ማጣሪያ መጀመሪያ የሚታየው የእርስ በርስ ውጤት ነው፤ በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ምድብ ግን መጀመሪያ የጎል ልዩነት ነበር። ከሜዳ ውጪ የተቆጠረ ጎልም ያስወስን ነበር። በ2018 ስዊዘርላንድና ቤልጂየም 2 ለ 2 እና 1 ለ 1 ተለያይተው ስዊዘርላንድ ያለፈችው ከሜዳዋ ውጪ ባገባችው ነው። የመጨረሻው ቀን ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት የዚያን ውድድር የመለያ ቅደም ተከተል ማወቅ ግዴታ ነው።

ከሜዳ ውጪ የሚሆነውን መዘንጋት

የሴቶች ማጣሪያ ታሪክ በቢሮ፣ በሐኪም ክፍልና በስምምነት ጠረጴዛ ጭምር የተጻፈ ነው። ይህን ሳያውቁ ሰንጠረዡን ማንበብ አይቻልም።

ዴንማርክ በ2017 የአውሮፓ ዋንጫ ሁለተኛ ነበረች። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ከስዊድን ጋር የሚጠብቃት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታ፣ ተጫዋቾቹና ፌዴሬሽኑ በክፍያና በሥራ ሁኔታ ላይ ባለመስማማታቸው ተሰረዘ። ስዊድን 3 ለ 0 በፎርፌ አሸነፈች። ምድቡን ስዊድን መራች፤ ዴንማርክ ወደ ጥሎ ማለፍ ወርዳ በኔዘርላንድስ ወደቀች። በዚያ ጉዳይ ተጫዋቾቹን ብቻ የሚወቅሱ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ አልስማማም፤ ለአገር እየተጫወቱ የሚገባቸውን መጠየቃቸው ጥፋት አይደለም፤ ዋጋውን ግን በሜዳ ላይ እነርሱ ከፈሉ።

ኢኳቶሪያል ጊኒን ፊፋ በ2017 ከ2019 የዓለም ዋንጫ አገዳት፤ ምክንያቱ ለማሰለፍ ያልተፈቀደላቸው ተጫዋቾችና የሐሰት ሰነድ ነበር። ቡድኑ በ2018ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ቢሳተፍም የዓለም ዋንጫው መንገድ ዝግ ነበር።

ከሁሉ ልቤን የነካው የሕንድ ነው። በ2022 የእስያ ዋንጫ አዘጋጅ ሆና፣ በገዛ አገሯ፣ ኮቪድ ቡድኑን አዳርሶት ከቻይኒዝ ታይፔይ ጋር በሚደረገው ጨዋታ የሚፈለገውን የተጫዋች ቁጥር ማሟላት አቃታት። ጨዋታው አልተካሄደም፤ ሕንድ ከውድድሩ እንደወጣች ተቆጠረ፤ ቀደም ሲል ያደረገችው ጨዋታም ዋጋ አጣ። ለዓመታት የተዘጋጁበት ዕድል በላብራቶሪ ውጤት ተዘጋ።

ማጣሪያውን ከኦሊምፒክ ጋር ማምታታት

ይህ አጭር ነው። የወንዶች ኦሊምፒክ እግር ኳስ የዕድሜ ገደብ አለው፤ የሴቶቹ የለውም፤ ዋናው ብሔራዊ ቡድን ነው የሚሰለፈው። በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ አራት ቡድን ናቸው፤ በኦሊምፒክ ግን ታላቋ ብሪታንያ አንድ ናት።

ያለፈውን ደንብ ለሚቀጥለው መጠቀም

ለ2027ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ አውሮፓ የድሮውን ማጣሪያ ትታ በደረጃ በተከፈለ ሊግ ተክታዋለች፤ የከፍተኛው ሊግ አራት የምድብ መሪዎች በቀጥታ ያልፋሉ፣ ቀሪዎቹ ቦታዎች በጥሎ ማለፍ ይሞላሉ። ደቡብ አሜሪካም በ2022 ከተጠቀመችበት ኮፓ አሜሪካ ወደ ሊግ ተሻግራለች። በሊጉ አቅማቸው የተቀራረበ ቡድኖች ስለሚገናኙ፣ 19 ለ 0 ዓይነት ውጤት የሚታይበት አጋጣሚ ይቀንሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በእነዚያ ውጤቶች መሳለቅ ለእኔ ከስህተቶች ሁሉ የሚያሳምመው ነው። ብዙ ጎል የሚገባባቸው ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ የአገር ውስጥ ሊግም በቂ የወዳጅነት ጨዋታም የሌላቸው ናቸው።

ዛሬ የተሸነፈው ነገ የት እንደሚደርስ ፓናማን ማየት ይቻላል። በ2018 በጃማይካ በመለያ ምት ተሸንፋ ቀጥተኛውን ቦታ አጣች፤ ከአርጀንቲና ጋር በተደረገው የደርሶ መልስ ጥሎ ማለፍ ደግሞ በድምር 5 ለ 1 ተሸንፋ ሁለተኛውንም ዕድል አጣች። በ2023 ኒውዚላንድ ላይ ፓራጓይን 1 ለ 0 አሸንፋ ገባች። በዓለም ዋንጫው ከፈረንሳይ ጋር ሲጫወቱ ማርታ ኮክስ ገና በ2ኛው ደቂቃ በቅጣት ምት መረቡን አናወጠች፤ የፓናማ የመጀመሪያዋ የዓለም ዋንጫ ጎል እርሷ ናት።