በደብረ ማርቆስ ክረምት አኒሊንን ከፌኒልቦሮኒክ አሲድ ጋር እንዴት እናጣምራለን

አሮማቲክ አሚን፣ ማለትም ናይትሮጅኑ ከቤንዚን (C₆H₆) ቀለበት ጋር የተያያዘ ውህድ፣ ለመድኃኒትም ለቀለምም መነሻ ነው። እዚህ አኒሊንን ከፌኒልቦሮኒክ አሲድ ጋር አጣምረን ዳይፌኒልአሚን የተባለውን አሚን እንሠራለን። እ.ኤ.አ. በ1998 ኬሚስቶቹ ቻን፣ ኢቫንስና ላም ያወጡት መንገድ ማሞቂያ አይፈልግም፤ መዳብ፣ ቤዝ (አሲድን የሚያረክስ ውህድ) እና አየር ይበቃዋል። መዳቡ ግን ብዙ ነበር። በ2001 አንቲላና ቡክዋልድ ወደ አኒሊኑ ሞል 10 በመቶ ገደማ አወረዱት፤ እኔም የምሠራው በእሱ ነው።

93 ሚሊግራም አኒሊን፣ 183 ፌኒልቦሮኒክ አሲድ፣ 18 ውሃ አልባ መዳብ አሲቴት፣ 46 ሚሪስቲክ አሲድ (የስብ አሲድ ነው) እና 107 ሉቲዲን (ቤዙ) በ2 ሚሊሊትር ቶሉዊን ቀላቅሉ። አኒሊን በቆዳ ይገባል፤ ጓንት አድርጋችሁ ሁድ (ጋዝ የሚስብ የላብራቶሪ ሣጥን) ውስጥ ሥሩ።

ዋናው ጣጣ እርጥበት ነው። ማርቆስ ላይ በክረምት ጨው እንኳ ከምድጃ ከራቀ ይረጥባል። ውሃ ሲገባ ቦሮኒክ አሲዱ አሚኑን ትቶ ወደ ፌኖል ይሄዳል። ስለዚህ ሞሌኪዩላር ሲቭ፣ ውሃ የሚመጥ ቀዳዳማ ፍሬ፣ እጨምራለሁ። በመጀመሪያው ክረምቴ ሲቩን ክዳኑ ላልቶ መደርደሪያ ላይ ከከረመ ጠርሙስ ቀድቼ ጨመርኩ። በ24 ሰዓት ቲኤልሲ (ውህዶችን በቀጭን ሰሌዳ ላይ ለይቶ የሚያሳይ ፈተና) ላይ ጎልቶ የታየኝ ፌኖል ነበር፤ ቦሮኒክ አሲዱ በከንቱ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሲቩን በ300 ዲግሪ ሦስት ሰዓት ሳላደርቅ አልነካውም። የ110 ዲግሪው ማድረቂያ አይበቃም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጥቂት ፍሬ በጓንት መዳፍ ላይ አድርጉና አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ደረቅ ከሆነ ይግላል፤ ካልጋለ ወደ ማድረቂያው መልሱት።

ሁለተኛው አየር ነው። መዳቡ ዳይፌኒልአሚኑን ከሰጠ በኋላ ወደ ሥራው የሚመልሰው ኦክስጅን ነው፤ 10 በመቶ መዳብ የሚበቃውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማርቆስ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር የምናገኘው ኦክስጅን በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ሰፋ ያለ ብልቃጥ ያዙ፤ አፉ ላይ እርጥበት የሚይዝ የካልሲየም ክሎራይድ ቱቦ ግጠሙ፤ ማግኔቱ ፈሳሹን እስኪያሽከረክረው ድረስ በኃይል አማስሉ። ቀስ ብሎ የሚዞር ማግኔት ሥራውን ይገድለዋል። በፊኛ ንጹሕ ኦክስጅን የሚሰጡ አሉ፤ ቶሉዊን ባለበት እኔ አልደፍረውም፣ እሳት ይጠራል።

በማግስቱ አጣሩት፤ በኤቲል አሲቴት አቅጥኑና በአሞኒያ ውሃ እጠቡት። የታችኛው ንጣፍ ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል፤ ያ መዳቡ ነው። ሰማያዊው እስኪጠፋ ደጋግሙ። በሲሊካ ዱቄት በተሞላ ቱቦ (ኮለም) ስታሳልፉት ነጭ ዳይፌኒልአሚን ታገኛላችሁ። ብርሃን ስለሚያጠቁረው በጥቁር ጠርሙስ አስቀምጡት።